ያላለቀ ቤት እና ሁለት ጎረቤቶች

እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጤናዬ ነው፤ ቀጥላ ስለ ቤቱ። "ስንተኛ ፎቅ ደረሰ?" ትላለች። እኔ ያለሁት በርሊን ነው፤ ቤቱ ያለው አዲስ አበባ። እሷ ከቤቱ የአንድ ታክሲ ርቀት ላይ ትኖራለች። ግን የምትጠይቀው እኔን ነው፤ ከፋዩ እኔ ነኛ። "አራተኛ" እላታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አራተኛ ነው።

ውሉን የፈረምኩት በርሊን በገባሁ በዓመቱ ነበር። በኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ጊዜ ኮድ ስጽፍ ቆይቼ፣ በ2021 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚህ ሥራ አገኘሁ። የመጀመሪያው ደመወዝ ሲገባ ከአልጋና ከክረምት ጃኬት ቀጥሎ የታሰበኝ ቤት ነው። ለራሴ የምኖርበት ሳይሆን "እዚያ" የሚኖረኝ ቤት። ገና ያልተሠራ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ከሥዕል ላይ መርጬ ቅድሚያ ክፍያ ላክሁ። እዚህ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር በጋራ በተከራየሁት ቤት፣ ሁለት ሻንጣዬን አልጋ ሥር አድርጌ መኖር ቀጠልኩ። ሻንጣዎቹን ያልፈታኋቸው ቦታ ስለሌለ ነው እል ነበር።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ባንግላዴሾችና ስለ ቱርኮች ነው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ።

*

ባለፈው ዓመት፣ በ2025፣ የእኛና የፈረንጆቹ ፋሲካ በአንድ ቀን ዋለ። እዚህ ሥራ ዝግ ስለሆነ ለንደን ያለችው አክስቴ ዘንድ ለመፈሰክ ወሰንኩ። ለአራት ቀን ጉዞ የቪዛ ወረቀት ስሰበስብ አንድ ወር ፈጀብኝ። አክስቴ ለንደን የገባችው በ90ዎቹ ነው፤ ምሥራቅ ለንደን ኋይትቻፕል አካባቢ፣ የካውንስል ቤት ውስጥ ትኖራለች። ደረጃውን የሚጋሯት ጎረቤቶቿ አብዛኞቹ ባንግላዴሾች ናቸው። ከበሯ ፊት ለፊት ያሉትን አዛውንት የአክስቴ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ "ቻቻ" ይሏቸዋል፤ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

አክስቴና የቻቻ ባለቤት በየበዓሉ ሳህን ይለዋወጣሉ። ሥጋው ስለማይሆንላቸው አክስቴ የምትልክላቸው ድፎ ዳቦና ሽሮ ነው፤ ከዚያ በኩል ደግሞ ጣፋጭ ይመጣል። በፋሲካው ዕለት ዳቦውን ይዤ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ቻቻ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ "ከበርሊን" አልኳቸው። "ኦ፣ የቱርኮች አገር!" ብለው ሳቁ።

ማታ ገበታው ላይ የአክስቴ ልጅ፣ እዚያው ተወልዳ ያደገችው፣ ነገሩን አነሳችው። "እነ ቻቻ ከእኛ ሠላሳ ዓመት ቀድመው ነው የመጡት። አሁንም ግን በእንግሊዝ ድሃ ከሚባሉት ዋናዎቹ እነሱ ናቸው።" እኔም ማን ጠየቀኝ፣ "ጀርመን ያሉት ቱርኮች በጣም ይሻላሉ" አልኩ። "በምን?" አለች። "ሱቅ አላቸው፣ ጡረታ አላቸው፣ የመርሴዲስ መኪና አላቸው።" አክስቴ "ስንቱን መርሴዲስ ነዳህና ነው?" ስትል ሁሉም ሳቀብኝ። የአክስቴ ልጅ ግን አልለቀቀችኝም። "ዳታ የምትሠራው አንተ አይደለህ? ቁጥሩን አምጣ።"

በርሊን ስመለስ የቅዳሜ ሥራዬ ይህ ሆነ። ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ በአንድ በኩል የብሪታንያን ባንግላዴሾች፣ በሌላ በኩል የጀርመንን ቱርኮች አደርግና በአንድ ከሰዓት እጨርሳለሁ ብዬ ነበር።

*

ሁለት ሰንጠረዥ ለማገናኘት የጋራ ቁልፍ ያስፈልጋል። ይህ የሙያችን ሀሁ ነው። እዚህ ግን የጋራ ቁልፍ የለም።

ብሪታንያ ሰውን በሕዝብ ቆጠራ ወቅት "ዘርህ ምንድን ነው?" ብላ ትጠይቃለች። ከ1991 ቆጠራ ጀምሮ "ባንግላዴሺ" የሚል የራሱ ሳጥን አለ። በ2021 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ያንን ሳጥን ምልክት ያደረጉት 644,881 ሰዎች ናቸው። ኋይትቻፕል የሚገኝበት ታወር ሃምሌትስ የሚባለው ክፍለ ከተማ ውስጥ ብቻ ከነዋሪው 34.6 በመቶ ናቸው። አያቱ የመጣ፣ እሱ ራሱ ለንደን የተወለደ ልጅም ሳጥኑን እስከመረጠ ድረስ ይቆጠራል።

ጀርመን ግን ዘር አትጠይቅም። ለምን እንደማትጠይቅ ታሪኳን የሚያውቅ ይገባዋል። የምትጠይቀው ዜግነትን ነው፤ አንተ ወይም ከወላጆችህ አንዱ ስትወለዱ ጀርመናዊ ነበራችሁ ወይ? ካልነበራችሁ "የስደት ዳራ ያለው" ትባላለህ። ይህ መደብ በስታቲስቲክሳቸው የገባው በ2005 ነው። እናትና አባቱ ጀርመናዊ ሆነው የተወለዱ ልጅ፣ ስሙ መህመት ቢሆንም፣ ከሰንጠረዡ ይወጣል። ከቤተሰቡ ቶሎ የተደላደለው ትውልድ ከቁጥሩ እየጠፋ፣ የቀረው ይለካል።

"ታዲያ ሁለቱንም ለንደን ላይ አወዳድራቸው" ትሉኝ ይሆናል። ሰሜን ለንደን ግሪን ሌንስ ላይ ቱርኮች፣ ኩርዶችና የቆጵሮስ ቱርኮች ሞልተዋል። ግን የእንግሊዝ ቆጠራ "ቱርክ" የሚል ሳጥን የለውም። ራስህ ካልጻፍከው በቀር "ሌላ ነጭ" ከሚለው ውስጥ ከፖላንዱና ከጣልያኑ ጋር ትደባለቃለህ። እኛም ብንሆን እዚያ አገር "ጥቁር አፍሪካዊ" የሚለው ውስጥ ነን። አክስቴን የሚወክላት ቁጥር ናይጄሪያዊ ሐኪምና ሶማሊያዊ ሹፌር አንድ ላይ ተደምረው የሚወጣው አማካይ ነው።

የድህነት መስመሩም ቢሆን ወጥመድ አለው። ሁለቱም አገሮች መነሻቸው ከመሐለኛው ገቢ 60 በመቶ በታች የሚለው ነው። ብሪታንያ ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር ግን የቤት ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ያለው ሲሆን፣ ጀርመን ውስጥ የሚጠቀሰው ከመቀነሱ በፊት ያለው ነው። በለንደን ኪራይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ ልብ ካልኩ በኋላ የቀረኝ እያንዳንዱን ማኅበረሰብ ከራሱ አገር ጋር ማስተያየት ነበር። ብሪታንያ ውስጥ የቤት ወጪ ተቀንሶ ሲሰላ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ከድህነት መስመር በታች ነው፤ በባንግላዴሽ ቤተሰቦች ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ ነው። ጀርመን ውስጥ የቱርክ ዳራ ያላቸው ሰዎች ድህነት ከአጠቃላዩ እጥፍ ገደማ ነው። ሀብት ሲታይ ደግሞ ራኒሜድ ትረስት የሚባለው ተቋም በ2020 ባወጣው ጥናት፣ አንድ ነጭ እንግሊዛዊ ቤተሰብ 1 ፓውንድ ሀብት ሲኖረው ባንግላዴሹ ቤተሰብ ያለው 10 ሳንቲም ገደማ ነው። የጥቁር አፍሪካውያኑም እንዲሁ ነው። ይሄኛውን ቁጥር ለአክስቴ ልጅ ስልክላት "እኛንም ጨምረህ ነው የላክኸው" ብላ መለሰችልኝ።

በአጭሩ ክርክሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ። ቱርኮቹ ይሻላሉ። ግን "ለምን?" የሚለው ሰንጠረዡ ውስጥ አልነበረም። እሱን ለማግኘት ደረጃ መውረድ ነበረብኝ።

*

የምኖረው ኖይኮልን በሚባል ሰፈር ነው። ከምድር ቤቱ ያሉት ጎረቤቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ልጆች "አምጃ" እላቸዋለሁ፣ አጎቴ ማለት ነው። የእሳቸውም ጀርመንኛ የእኔም ጀርመንኛ ስብርብር ስለሆነ በደንብ እንግባባለን።

"መጀመሪያ የመጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ሚስቴ ናት" አሉኝ አንድ ቀን ሻይ እየቀዱልኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ወንዶቹ መጥተው ሴቶቹ እንደተከተሉ ነበር የማውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበርሊን ግንብ በነሐሴ 1961 ሲታጠር የምዕራቡ ፋብሪካዎች ከምሥራቅ ይመጣ የነበረውን ሠራተኛ አጡ። ጥቅምት 30 ቀን 1961 ጀርመን ከቱርክ ጋር የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት ተፈራረመች። ኢስታንቡል በተከፈተው ቢሮ ሐኪሞች አመልካቹን ከጥርሱ ጀምረው እየመረመሩ ጤነኛውን ይመርጡ ነበር። የምዕራብ በርሊን የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ለጥቃቅን የሬዲዮ ዕቃዎች ገጣጣሚነት ሴቶችን አጥብቀው ይፈልጉ ስለነበር፣ የአምጃ ባለቤት በ1968 መጥታ ከሌሎች ሴቶች ጋር በሠራተኛ መኖሪያ ተቀመጠች። እሳቸው በዓመቱ ተከተሏት፤ ብረታ ብረት ፋብሪካ ገቡ።

ስማቸው "እንግዳ ሠራተኛ" ነበር። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የመቆያው ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር፤ በ1964 ቀረ፤ ያስቀሩትም አሠሪዎቹ ሥራ የለመደ ሰው ሸኝተው አዲስ ማሠልጠን ስላልፈለጉ ነው። ግን እንግዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውል ነበረው። የሠራተኛ ማኅበሩ የተደራደረበት ደመወዝ ለጀርመኑም ለቱርኩም ነው። የጤና መድን ይቆረጣል፣ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። በኅዳር 1973 በነዳጅ ቀውሱ ምክንያት ቅጥሩ ሲቆም ያሉት ሰዎች "አሁን ከወጣን መመለስ የለም" ብለው ልጆቻቸውን አመጡ። በ1983 መንግሥት ጠቅልሎ ለሚመለስ 10,500 ማርክ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 1,500 ማርክ እሰጣለሁ አለ። አምጃ ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ቁጭ ብለው አሰሉት። "ለቤቱ ጣሪያ ይበቃ ነበር፤ ለኑሮ ግን አይበቃም" አሉኝ። ቀሩ።

ግንቡ ሲፈርስ መጀመሪያ የወደቀው የእነሱ ሥራ ነው። የምዕራብ በርሊን ፋብሪካዎች የቆሙት በመንግሥት ድጎማ ነበር፤ ድጎማው ሲነሳ ተዘጉ። አምጃ ከሃምሳ ዓመታቸው በፊት ሥራ ፈቱ፤ ልጆቻቸውም የሚወርሱት ፋብሪካ አልነበረም። ብዙዎቹ ያኔ ነው ወደ ሱቅ፣ ወደ አትክልት መደብርና ወደ ዶነር የገቡት። እኔ ለአክስቴ ልጅ የብልጽግና ምልክት አድርጌ የቆጠርኩት ሱቅ ከሥራ የተባረረ ሰው መውጫ ነበር።

ጡረታቸው ግን በየወሩ ይገባል። ትንሽ ናት፤ ግን አትቀርም። ባለቤታቸው እስካሁን ከጓደኞቻቸው ጋር በየወሩ እየተሰበሰቡ ወርቅ ያወጣሉ፤ ተራ የደረሳት ትወስዳለች። "እቁብ!" ብዬ ጮህኩ። ቃሉን አስጻፉኝ።

*

ቻቻን ለሁለተኛ ጊዜ ያገኘኋቸው በጥቅምት ለሥራ ለንደን ስሄድ ነው። አሁን ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት።

እሳቸው የሲልሄት ሰው ናቸው። ብሪታንያ ያሉት ባንግላዴሾች አብዛኞቹ መነሻቸው ይህ ሰሜን ምሥራቁ አውራጃ ነው። ምክንያቱ መርከብ ነው፤ የሲልሄት ወንዶች በእንግሊዝ መርከቦች ማሞቂያ ክፍል ከሰል እየጨመሩ ይሠሩ ነበር፤ ለንደን ወደብ ላይ ወርደው የቀሩት ለዘመድ መንገድ ሆኑ። የቻቻ አባት ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። የጠራቸው ፋብሪካ፣ የፈረሙት ውል፣ ጥርሳቸውን ያየ ሐኪም አልነበረም። የነበራቸው የቅኝ ግዛት ዘመን ዝምድና ነው። በሩ በ1962ቱ ሕግ ጠበበ፤ ቻቻ ግን ከነፃነት ጦርነቱ በኋላ በ1973፣ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አባታቸው ጋር መጡ።

የገቡት ብሪክ ሌን ጀርባ ያለ የቆዳ ጃኬት ስፌት ቤት ነው። ክፍያው በሰፉት ጃኬት ቁጥር ነበር። ሥራ ሲኖር ሌሊት ድረስ፤ ሲጠፋ ሳምንት ባዶ። ባለቤታቸው በ80ዎቹ ስትመጣ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ የስፌት መኪና ገባ፤ እሷም በቁጥር እየተከፈላት ቤቷ ውስጥ ሰፋች። ናይላ ካቢር የምትባል የኢኮኖሚ ምሁር እነዚህን የለንደን ሴቶች ዳካ ፋብሪካ ከሚሠሩት ሴቶች ጋር አስተያይታ መጽሐፍ ጽፋለች። ነገሩ የሚገርም ነው፤ ባህል የሚጠብቅባቸው ዳካ ያሉት ሴቶች ወጥተው ፋብሪካ ሲሠሩ፣ ለንደን ያሉት ቤት ቀሩ። የአምጃ ባለቤት ስሟ ደመወዝ መዝገብ ላይ ነበር፤ የቻቻ ባለቤት ስሟ የትም የለም። ሁለቱም እኩል ሠርተዋል። ጡረታ ያላት አንዷ ናት።

ስፌት ቤቶቹ ሲዘጉ ቻቻ ምግብ ቤት ገቡ። በእንግሊዝ "የህንድ ምግብ ቤት" የሚባለው አብዛኛው የሲልሄት ሰዎች ነው። ከከተማ ውጭ ሌሊት እየሠሩ፣ ጉርሻውን በኪሳቸው፣ ደመወዙን ግማሹን በእጅ እየተቀበሉ ሃያ ዓመት። በመዝገብ ያልገባ ደመወዝ ደግሞ ሲያረጁ አይመለስም።

ታዲያ ቻቻ ምን አገኙ? አንድ ቱርክ ጎረቤቴ ሃምሳ ዓመት ያላገኙትን ነገር፦ ድምፅ። ከኮመንዌልዝ አገር የመጣ ሰው ብሪታንያ ውስጥ ከተቀመጠ ለምርጫ ይመዘገባል። በግንቦት 4 ቀን 1978 አልታብ አሊ የሚባል ወጣት የስፌት ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ኋይትቻፕል ላይ በዘረኞች ተገደለ። ሺዎች የሬሳ ሳጥኑን ተከትለው ዳውኒንግ ስትሪት ድረስ ሄዱ። ቻቻ ከእነሱ ጋር ነበሩ፤ የዚያን ቀን የሥራ ሂሳብ እንደቀረባቸው እስከ አሁን ያስታውሳሉ። ከዚያ በኋላ ያ ትውልድ ወደ አካባቢው ምክር ቤት መግባት ጀመረ፤ በ2010 ሩሻናራ አሊ ከዚያው ሰፈር ተመርጣ ፓርላማ ገባች። አምጃ ግን በግንቦት 1993 ዞሊንገን ከተማ የአንድ ቱርክ ቤተሰብ ቤት በእሳት ሲጋይ፣ አምስት ሴቶችና ልጃገረዶች ሲሞቱ፣ ያደረጉት የገመድ መሰላል ገዝተው መስኮታቸው ሥር ማስቀመጥ ነው። መምረጥ አይችሉም ነበራ። መሰላሉ አሁንም አለ፤ አሳይተውኛል።

ከድምፁ ጋር ትምህርት ቤት መጣ። በ1997 የታወር ሃምሌትስ ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝ አስተዳደሮች ሁሉ ከ149 ውስጥ 149ኛ ነበሩ። ዛሬ የባንግላዴሽ ልጆች በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በሚወስዱት አገር አቀፍ ፈተና ከአገሪቱ አማካይ በላይ ናቸው። ገንዘብ ተመድቦላቸዋል፣ ጥሩ መምህር ተቀጥሮላቸዋል። ደግሞም እንግሊዝ አገር እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ድረስ አብዛኛው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፤ ዘግይቶ የነቃ ልጅ ይደርሳል። ጀርመን ውስጥ በአብዛኛው ክልል ልጁ በአሥር ዓመቱ፣ በርሊን ላይ በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ዩኒቨርሲቲ ወደሚያደርሰውና ወደማያደርሰው መንገድ ይለያል። ቋንቋውን ቤቱ ያልሰማ ልጅ በአሥር ዓመቱ ምን ያህል ይደርሳል? የኮቪዱን ክትባት ከሠሩት አንዱ ኡዑር ሻሂን እንኳ፣ አባቱ ኮሎኝ የፎርድ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበሩት፣ መምህሩ ወደ ዝቅተኛው መንገድ ሊልከው ነበር፤ ያተረፈው ጀርመናዊ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ያላጋጠመውን ማንም አልቆጠረውም።

ከቻቻ ልጆች ትልቁ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል፤ ሁለተኛው ፋርማሲስት ነው፤ ሴቷ መምህርት ናት፤ ትንሹ ባንክ ውስጥ ነው። ከአምጃ ልጆች አንዱ አትክልት ቤት አለው፤ አንዷ የፅዳት ተቆጣጣሪ ናት፤ አንዱ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ በሥልጠናው ጥሩ ደመወዝ ይበላል። ታክሲ ነጂውና ኤሌክትሪሺያኑ ቢወዳደሩ ኤሌክትሪሺያኑ ይበልጣል። ፋርማሲስቷና የፅዳት ተቆጣጣሪዋ ቢወዳደሩ መልሱ ይገለበጣል ልል ነበር፤ ፋርማሲስቱ ወንድ መሆኑ ትዝ አለኝ። ይህን ስጽፍ ራሱ በአእምሮዬ ሰውን ከመደብ ጋር እያማታሁ ነው።

*

ኢንጂነሪንግ ስንማር አንድ ነጥብ ብቻ አይተህ አትፍረድ፣ ስሎፑን እይ ይሉን ነበር። የቱርኮቹ መነሻ ከፍ ያለ ነው፤ ዳገቱ ግን ዝግ ያለ። የባንግላዴሾቹ መነሻ ከሥር ነው፤ ልጆቹ ግን በአንድ ትውልድ በፍጥነት ወጥተዋል። በእርግጥ ዲግሪ ይዘውም ቢሆን ሥራና ደመወዝ ላይ ከነጭ እኩዮቻቸው ወደኋላ ይቀራሉ። የቤተሰቡ ቁጥር ሲበዛና ገቢ የሚያመጣው አንድ ሰው ሲሆን፣ ከላዩ የለንደን ኪራይ ሲጨመርበት፣ ድህነቱ በአንድ ጊዜ አይለቅም። ግን "እነሱ ሰነፎች፣ እነዚያ ታታሪዎች" የሚለው የገበታ ወሬ እዚህ ምንም ቦታ የለውም። አንዱ ውል አግኝቶ ድምፅ አጣ፤ ሌላው ድምፅ አግኝቶ ውል አጣ። ልዩነቱን ያመጡት በር ላይ የተሰጧቸው ወረቀቶች ናቸው።

ይህንን ለአክስቴ ልጅ ልኬ ክርክሩ እኩል ለእኩል ተዘጋ። እኔ ግን ያልጻፍኩላት ነገር ነበር።

ሁለቱም ቤት አላቸው። አምጃ ዮዝጋት አጠገብ ባለ መንደራቸው ባለ ሦስት ፎቅ ሠርተዋል፤ አንድ ፎቅ ለእያንዳንዱ ልጅ። በየክረምቱ መኪናቸውን ጭነው በዩጎዝላቪያ በኩል ሦስት ቀን እየነዱ፣ በየዓመቱ አንድ ነገር እየጨመሩበት። ዛሬ ስድስት ሳምንት እሳቸውና ባለቤታቸው ምድር ቤቱ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ፎቆች ከተሠሩ ጀምሮ ማንም አድሮባቸው አያውቅም። የቻቻም ሲልሄት ውስጥ ነው፤ ባለ በረንዳ፣ ባለ ቀለም መስታወት። እዚያ አገር ሰዎች እንዲህ ያለውን ቤት "የለንደኖች ቤት" ይሉታል። ዘበኛ ይኖርበታል።

"ያንን ቤት ስሠራ" አሉኝ ቻቻ፣ "አራቱ ልጆቼ እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚተኙት። ትልቁ የሚያጠናበት ቦታ አልነበረውም። ኩሽና ውስጥ ያጠና ነበር፤ እኔ ከሥራ ስገባ ይነሳልኛል።" ትልቁ ታክሲ ነጂው ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው ለትንንሾቹ የቅዳሜ አስጠኚ መክፈል የጀመሩት። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። ሻዩን ሲያማስሉ ግን ስኳር አልጨመሩበትም ነበር።

አክስቴም አለች። የካውንስል ቤቷን በቅናሽ መግዛት በምትችልበት ዘመን ገንዘቧን ሐዋሳ ቤት ላይ አፈሰሰችው። ቻቻ በ90ዎቹ መጨረሻ የራሳቸውን ገዙ፤ የለንደን ቤት ዋጋ የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። እሷ ዛሬም ኪራይ ትከፍላለች። የሐዋሳውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረችበት።

እና እኔ። ታናሽ እህቴ ነርስ ናት። ሁለት ዓመት ሆናት ጀርመንኛ ተምሬ ልምጣ ማለት ከጀመረች። እስከ ቢ ሁለት ድረስ ያለው ኮርስ፣ ፈተናው፣ የሰነድ ትርጉሙ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። "ቤቱ ይለቅና" እላታለሁ። በሐምሌ 2024 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ቤት ሠሪው ድርጅት የዋጋ ማስተካከያ ብሎ ደብዳቤ ላከ፤ ቀሪው ክፍያ አደገ። ፎቁ ግን አራተኛ ላይ ነው። እኔም የሚጠይቁኝን ጨምሬ ላክሁ። ያኔ የሸመታ ገንዘቤን ቆጥቤ እንደላክሁ እንጂ የማንን ወንበር እንደወሰድኩ አልታየኝም።

አምጃ ባለፈው ክረምት የጀርመን ዜግነት አመለከቱ። በሰኔ 2024 የወጣው ሕግ የፊተኛውን ዜግነት ሳይጥሉ መያዝ ፈቅዷል፤ ለእንግዳ ሠራተኞቹ ትውልድ ደግሞ የጽሑፍ ፈተናውን አንስቶላቸዋል። "ለምን አሁን?" አልኳቸው። "እዚህ መቅረቴን አሁን ነው ያመንኩት" አሉ። ሃምሳ አምስት ዓመት! የእኛ አገር ሕግ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ የእኔ ጥያቄ ከእሳቸው የከበደ ነው፤ እሱን ገና አልመለስኩትም። ግን ሻንጣ አልጋ ሥር አስቀምጦ ሃምሳ አምስት ዓመት መቆየት እንደሚቻል አየሁ።

ውሉን አውጥቼ አነበብኩት። ገዢው ካፈረሰ ከከፈለው ላይ መቶኛ ይቆረጣል፤ ቀሪው በብር፣ በወራት ውስጥ ይመለሳል። እኔ የላክሁት አንድ ዩሮ ወደ 60 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ አሁን ከ120 በላይ ነው። ማለት ብሩ ሙሉ ቢመለስ እንኳ በዩሮ ሲታሰብ ከግማሽ በላዩ ሄዷል። ሰንጠረዡን ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱንም ጊዜ ኪሳራ ነው። ግን በየወሩ ስጨምር የሚያድገውም እሱ ነው።

እሑድ ማታ እናቴ ደወለች። ጤናዬን ጠየቀች። ቀጥላ ከመጠየቋ በፊት "እማዬ፣ ቤቱን ልተወው ነው" አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"ሰምቼሃለሁ። ገንዘቡስ?"

"የሚመለሰው ለእሷ ትምህርት ይሁን። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደግሞ የቤቱን ክፍያ ለእሷ ነው የምልከው።"

"እና አንተ ስትመጣ የት ልትገባ ነው?"

"አንቺ ጋ ነዋ።"

እንደገና ዝም አለች። እቁብተኞቿ ሁሉ ስለዚያ ቤት ያውቃሉ፤ ከመንገድ ላይ እያሳየቻቸው ታልፋለች። እናቴ ያንን ፎቅ ታክሲ ውስጥ ሆና ስንት ጊዜ እንደቆጠረችው የገባኝ ያኔ ነው።

"ለሰው ምን ልበል?" አለችኝ በመጨረሻ።

መልስ አልነበረኝም። እህቴ ከኋላ "ምንድን ነው?" ስትል ሰማኋት። እናቴ ስልኩን ሰጠቻት፤ እኔም ስለ ኮርሱ ምዝገባ፣ ስለሚያስፈልገው ፎቶግራፍና ስለ ሰዓቱ መናገር ጀመርኩ።